ኤር ፎርስ ዋንን የሚያበረው የአየር ኃይል ክፍል ታሪኩን የሚያውቅ አለ? (ከጅማ)

የጅሬን ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ከጅማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም የምከታተለው እኔ ነኝ፣ እና ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት በእረፍት ሰዓት የሚነበብ ፕሮግራም ስለ መሪዎች አውሮፕላን ካልሰራን ብለው ይዘውኛል። ነገሩ የተነሳው አንዱ ልጅ ኦባማ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2007 ቦሌ ሲያርፍ የሚያሳየውን ቪዲዮ በስልኩ ይዞ መጥቶ ነው፣ ያ ሰማያዊና ነጭ ግዙፍ አውሮፕላን። ከዛ ክርክር ሆነ በቃ። አንዷ የፕሬዚዳንቱ የግል ንብረት ነው አለች፣ ሌላው ኧረ ከአየር መንገድ ተከራይተውት ነው አለ፣ ሌላው ደግሞ ኤር ፎርስ ዋን የዛ አውሮፕላን ስም ነው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው ብሎ ድርቅ አለ። ደውል ተደውሎ እንኳን እየተከራከሩ ነው ክፍል የገቡት።

እኔ የአየር ኃይል መሆኑን ነው የነገርኳቸው፣ ግን የትኛው ክፍል ነው፣ መቼ ተቋቋመ፣ መሪ ማጓጓዝ ራሱ እንደ ስራ እንዴት ተጀመረ ሚለውን በደንብ ሊያስረዳ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ። ዩቲዩብ ላይ ስገባ አንዱ ሚሳኤል ይተኩሳል ይላል፣ አንዱ ፕሬዚዳንቱ በካፕሱል ተወንጭፎ ይወጣል ይላል፣ ይሄን ለልጆች በማይክ አላስነብብም። ከኛ አገር ጋር ሚያያይዘው ነገር ካለም ንገሩኝ፣ ልጆች የራሳቸው አገር ስም ሲጠራ ነው ጆሯቸውን ሚሰጡት። ባካችሁ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ብቻ።

ሰማያዊ ጭራ፦

መምህር ጥያቄህ ደስ ይላል፣ እኔ አቪዬሽን ሲባል ነፍሴ ነው ስለዚ ከረዘመ ታገሰኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው።

መጀመሪያ የልጆቹን ክርክር ልፍታ። ኤር ፎርስ ዋን የአንድ አውሮፕላን ስም አይደለም፣ በሬዲዮ የሚጠራበት ስም ነው፣ ኮል ሳይን ሚሉት። ፕሬዚዳንቱ የተሳፈረበት ማንኛውም የአየር ኃይል አውሮፕላን፣ ትንሿም ብትሆን፣ እሱ እስካለ ድረስ ኤር ፎርስ ዋን ትባላለች፣ ሲወርድ ስሙም አብሮት ይወርዳል። የማሪኖች ሄሊኮፕተር ላይ ከሆነ ማሪን ዋን፣ የሲቪል አውሮፕላን ላይ ከሆነ ኤግዘኪዩቲቭ ዋን ነው። ኒክሰን በታህሳስ 1973 በነዳጅ ቀውሱ ጊዜ በተራ የመንገደኛ በረራ ከዋሽንግተን ሎስ አንጀለስ ሄዶ ነበር፣ ያኔ እንደዛ ነው የተባለው። ያ ቪዲዮው ላይ ያያችሁት ትልቁ ቦይንግ 747-200 ነው፣ በጦሩ አጠራር ቪሲ-25ኤ፣ እና አንድ ሳይሆን ሁለት ናቸው፣ ጭራቸው ላይ 28000 እና 29000 ተብሎ ተጽፏል። ስራ የጀመሩት በ1990 ነው።

የሚያበራቸው ክፍል 89ኛው ኤርሊፍት ዊንግ ይባላል፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ ውስጥ አንድሪውስ የጦር ሰፈር ነው ያለው። ፕሬዚዳንቱን ብቻም አይደለም፣ ምክትሉን፣ ሚኒስትሮቹን፣ የኮንግረስ መሪዎችን ይወስዳል፣ ለነሱ 757 እና 737 እንዲሁም ገልፍስትሪም ጄቶች አሉት። በ1981 ኢራን ውስጥ ታግተው የነበሩትን 52 አሜሪካውያን ከጀርመን ወደ አገራቸው ያመጣውም ይሄው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከ1943 በፊት ስልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአውሮፕላን ሄዶ አያውቅም። ሩዝቬልት ጥር 1943 ላይ የእንግሊዙን ቸርችልን ለማግኘት ሞሮኮ ካዛብላንካ መሄድ ነበረበት፣ አትላንቲክ ላይ ደግሞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መርከብ እያደኑ ነው፣ ስለዚ በፓን አሜሪካን አየር መንገድ ቦይንግ 314፣ ዲክሲ ክሊፐር በምትባል ውሃ ላይ በምታርፍ አውሮፕላን ተጓዘ። ጦሩ ይሄ አልተመቸውም፣ በጦርነት ጊዜ መሪያችን የሲቪል ድርጅት አውሮፕላን ለምን ይጠብቃል አሉና ከቦምብ ጣይ የተቀየረ ሲ-87 ለሱ አዘጋጁለት። የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች ግን የዛን ሞዴል የአደጋ ታሪክ አገላብጠው አይተው እምቢ አሉ፣ አይሳፈርበትም ተባለ፣ አልተሳፈረበትምም። ለኔ የዚህ ክፍል ታሪክ ሚጀምረው ከዚች እምቢታ ነው። ጀነራሎቹ ያማራቸውን አውሮፕላን ጠባቂ መልሶ ላከው፣ እና ከዛ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ ምን ሊበላሽ ይችላል ብሎ ቀድሞ ማሰብ ነው።

ከዛ ዳግላስ ሲ-54 ተሰራለት፣ ሴክረድ ካው ሚሏት። ሩዝቬልት በፖሊዮ ምክንያት እግሮቹ አይታዘዙለትም፣ ስለዚ ከጭራዋ በኩል ከነዊልቸሩ ከመሬት ወደ ውስጥ የምታነሳው ትንሽ ሊፍት ተገጠመላት። አስበው፣ ሆዷ ተከፍቶ አንድ ሰው ሚይዝ ሳጥን ወደ ታች ይወርዳል፣ ይገባበታል፣ ይነሳል፣ ደረጃ ላይ ተሸክመውት ሲወጡ ማንም አያየውም። እሱ ግን የተጠቀመባት አንዴ ነው፣ የካቲት 1945 ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ክራይሚያ ውስጥ ለተደረገው የያልታ ስብሰባ፣ ሚያዝያ ላይ አረፈ። ትሩማን ወረሳት፣ እና ሐምሌ 26 1947 እናቱ ታማ ወደ ሚዙሪ ሊሄድ አውሮፕላኗ ውስጥ ሆኖ የአገር ደህንነት ህጉን እዛው ፈረመ። ያ ህግ ነው የአሜሪካን አየር ኃይል ከምድር ጦሩ ለይቶ ራሱን ያስቻለው። አየር ኃይሉ ራሱ በሕግ የተወለደው የመሪ አውሮፕላን ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ይሄን ልጆቹ ይወዱታል።

በ1948 1254ኛ የአየር ትራንስፖርት ስኳድሮን ሚባል ለልዩ ተልዕኮ ብቻ ተቋቋመ፣ መጀመሪያ ዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት ነበር፣ በ1961 ወደ አንድሪውስ ገባ፣ በ1966 ስራውን 89ኛው ተረከበ። ቁጥሩ ተቀየረ እንጂ ስራው ያው ነው።

የጥሪ ስሙ ከየት መጣ ካልክ፣ በ1953 አይዘንሃወር ኮለምባይን በምትባል ሎክሂድ ኮንስተሌሽን እየሄደ ሳለ የሱ አውሮፕላን የሬዲዮ ጥሪ ኤር ፎርስ 8610 ነበር፣ እዛው ሰማይ ላይ ደግሞ የኢስተርን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 8610 ነበረ። ሁለት 8610 በአንድ ተቆጣጣሪ ጆሮ! አንዱ ውረድ ሲባል ሌላው ቢወርድስ? አደጋ አልደረሰም፣ ግን በቃ ለፕሬዚዳንቱ ማንም ማይጋራው ስም ይሰጠው ተባለ።

ጄት የገባው በ1959 ነው፣ ቦይንግ 707። በ1962 ደግሞ ኬኔዲ 26000 የሚል ቁጥር ያላትን 707 ተቀበለ፣ ያ እስከዛሬ ምናየው ሰማያዊና ነጭ ቀለም የሬይመንድ ሎዊ ዲዛይን ነው። እና ስለዚች አውሮፕላን ሳወራ ህዳር 22 1963ን መዝለል አልችልም። ኬኔዲ ዳላስ ተገደለ፣ አብራሪው ኮሎኔል ጀምስ ስዊንዳል እና ክሩው አውሮፕላኑ ላይ እየጠበቁ ነው፣ ጠዋት በህይወት ያመጡትን ሰውዬ ማታ በሳጥን ሊመልሱት ነው። እንደ ዕቃ ከታች አንጭነውም አሉ፣ ከኋላ በኩል ወንበሮች ነቅለው ቦታ ሰሩለት። ከዛ ምክትሉ ጆንሰን እዛችው አውሮፕላን ጠባብ ክፍል ውስጥ ዳኛ ሳራ ሂውዝ ፊት ቃለ መሃላ ፈጽሞ ነው አውሮፕላኑ የተነሳው። ለዚህ መመሪያ የጻፈላቸው ሰው አልነበረም፣ ወንበር የነቀሉት ሰዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ነው ያደረጉት። እኔ ይሄ ክፍል ከሌላው የሚለየው በአውሮፕላኑ ውድነት አይመስለኝም፣ በነሱ ነው።

ሌላ አንድ፣ ነሐሴ 9 1974 ኒክሰን ስልጣን ለቆ ወደ ካሊፎርኒያ እየበረረ ሳለ እኩለ ቀን ላይ ምክትሉ ፎርድ ቃለ መሃላ ፈጸመ፣ አብራሪው ሚዙሪ ሰማይ ላይ ሬዲዮውን አንስቶ የጥሪ ስማችን ከአሁን ጀምሮ ሳም 27000 ነው አለ። ሳም ስፔሻል ኤር ሚሽን ማለት ነው። ሲነሳ ኤር ፎርስ ዋን ነበረ፣ ሲያርፍ አልነበረም።

የሄርማታዋ፦

አካም ጅርቱ የጅማ ልጆች! ሰማያዊ ጭራ እጅህ ይባረክ፣ ግን የያልታዋን በረራ ቆርጠህ ጣልካት እኮ፣ የኛ ታሪክ ያለው እዛ ላይ ነው።

መምህር ይሄን ጻፍልኝ። ሩዝቬልት ያልታን ሲጨርስ በዛችው ሊፍት ባላት አውሮፕላን ከክራይሚያ ግብፅ ገባ፣ ከዛ ስዊዝ ቦይ መሃል ያለው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ኩዊንሲ የምትባል የጦር መርከብ ላይ ወጣ። እዛ ሶስት ነገስታት ተራ በተራ ተቀበለ፣ የግብፁን ፋሩቅ፣ የኛን ጃንሆይ፣ የሳውዲውን ኢብን ሳኡድ። ጃንሆይ የተገናኙት የካቲት 13 1945 ነው፣ በኛ የካቲት 6 1937 ዓ.ም.። የባህር በር፣ ኤርትራ፣ የጅቡቲ ባቡር፣ እነዚህን ነው ያነሱት። ስለዚ ልጆቹን የዚህ የመሪ ማጓጓዝ ስራ ገና ሲጀመር፣ ፕሬዚዳንቱ በዛች አውሮፕላን ባደረገው ብቸኛ ጉዞ ላይ ኢትዮጵያ አለችበት በላቸው፣ ጆሯቸውን ካልሰጡህ እኔን ጥራኝ።

በዛው ዓመት ደግሞ መንግስት ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር ተዋውሎ አየር መንገዳችን ተመሰረተ፣ የመጀመሪያው በረራ ሚያዝያ 8 1946 በአስመራ በኩል ካይሮ ነው፣ አውሮፕላኖቹም ከጦርነቱ የተረፉ ዳግላስ ሲ-47 ነበሩ፣ በመጠን ያነሱ የሩዝቬልቷ ዳግላስ ዘመዶች ማለት ነው። የመሪዎቹ ስብሰባ ነው አየር መንገዱን የወለደው እያልኩ አይደለም፣ ግን ዘመኑ አንድ ነው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የወታደር አውሮፕላን ዓለምን ሞላው። እና አሁን ነው ደስ ሚለው፣ ብዙም ሳይቆይ በአገር ውስጥ በረራ ከተጀመረላቸው ከተሞች አንዷ ጅማ ናት! ጎንደር ላሊበላ ሲባል እንሰማለን፣ ጅማ ግን ከጅምሩ አለችበት። ለምን ቢባል ቡናው እዚ ነዋ፣ ክረምት ሲሆን የዛን ጊዜ መንገድ ጭቃው መኪና ይውጣል፣ ነጋዴም ሹምም በአየር መምጣቱ ቅንጦት አልነበረም።

1963 ላይ የጻፍከውም ከኛ ጋር ይገናኛል። ጃንሆይ በጥቅምት ዋሽንግተን ሄደው ኬኔዲ ራሱ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ነው የተቀበላቸው፣ በህዳር ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ፣ ከፈረንሳዩ ዴጎል ጎን ሆነው በእግር የተራመዱበትን ፎቶ ያላየ የለም። አርሊንግተን መቃብሩ ላይ ያቺ 26000 ዝቅ ብላ በላያቸው አለፈች፣ ክንፏን ዘንበል አድርጋ ተሰናበተችው።

የኛን አገር መሪዎች ከጠየቁ ደግሞ ፀሐይን አስታውሳቸው፣ በፈረንጁ 1935 የጃንሆይ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሰራት፣ በልዕልቲቱ ስም የተሰየመችው። ጣሊያን ወስዷት ስንት ዘመን ሙዚየሙ ውስጥ አስቀምጧት ጥር 2024 ነው የተመለሰችልን። እኔ ዜናውን ስሰማ አልቅሻለሁ።

የደብረ ዘይቱ መካኒክ፦

ልጆቼ፣ በንባብ የምከታተላችሁ ሰው ነኝ፣ ደብረ ዘይት ጥገና ላይ ሰርቼ ጡረታ ወጥቼ አሁን ጅማ ነው የምኖረው። የጻፋችሁት ጥሩ ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ መምህርም ቢያስነብበው ይጠቅማል ብዬ ነው፣ ምክንያቱም መሪን ማጓጓዝ ሁሌ በሰላም አላለቀም።

በፈረንጁ ሚያዝያ 3 1996 የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትሩ ሮን ብራውን ክሮኤሺያ ዱብሮቭኒክ ሊያርፉ ሲሉ አውሮፕላኑ ተራራ መታ፣ 35 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ የአየር ኃይል 737 ነው፣ ሲቲ-43 ይሉታል። የ89ኛው እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ፣ ጀርመን ራምስታይን ያለው የ86ኛው ነበር። ቀኑ ዝናብና ደመና ነው። ሜዳው የነበረው መሳሪያ መሬት ላይ የተተከለ የሬዲዮ ምልክት ብቻ ነው፣ በዛ ተመርቶ ለመውረድ አውሮፕላኑ ላይ ሁለት መቀበያ ያስፈልጋል፣ አንዱ ወደ ሜዳው የሚመራህን ለመያዝ፣ ሁለተኛው ማረፍ ካልቻልክ መቼ ዞረህ እንደምትወጣ ለማወቅ። የነሱ አውሮፕላን ላይ የነበረው አንድ ነው። በ119 ዲግሪ መምጣት ሲገባቸው በ110 መጡ። ዘጠኝ ዲግሪ በወረቀት ላይ ጣት አይሞላም፣ እዛ ግን ልዩነቱ ሜዳና ተራራ ነበር። የአወራረድ ካርታው ራሱም በስህተት የተሰራ ነበር፣ ከሚገባው በታች እንዲወርዱ ይፈቅዳል። እንደዚህ ያለውን ካርታ የራሳቸው ባለሙያ ሳያየው እንዳይጠቀሙ መመሪያ ነበራቸው፣ ይፈቀድልን ብለው ጠይቀው ተከልክለዋል፣ ክፍሉ ግን መብረሩን አላቆመም። አውሮፕላኑ ላይ ብላክ ቦክስ እንኳን አልነበረም። ከምርመራው በኋላ አዛዦቹ ከቦታቸው ተነሱ።

ይሄን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ፣ ትልቅ ሰው የያዘ አውሮፕላን ላይ ያለው ትልቁ አደጋ ጥድፊያ ነው። ሰውየው ሚጠብቀው አለ፣ ፕሮግራም አለ፣ ካሜራ ተደርድሯል፣ አብራሪው እንዴት አልችልም ይበል? እዚሁ ጅማ ክረምት ላይ ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን ደመናው ስለዘጋበት ሳያርፍ የሚመለስበት ቀን አለ፣ መንገደኛው ይናደዳል፣ እኔ ግን ያን አብራሪ ባገኘው እጁን ነው የምስመው። በራሳችን ምዕራብም የሆነውን ታስታውሳላችሁ፣ ነሐሴ 1989 በፈረንጁ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባሉ ሚኪ ሌላንድ ፉኝዶ ስደተኞቹን ሊያይ ከአዲስ አበባ በትዊን ኦተር ሄዶ ጋምቤላ አካባቢ ተራራ ላይ ወድቆ እሱን ጨምሮ 16 ሰው አለቀ፣ ስንት ቀን ተፈልጎ ነው የተገኘው። ለራባቸው ሰዎች ብሎ ስንቴ የተመላለሰ ሰው ነበር፣ ነፍስ ይማር።

ሰማያዊ ጭራ ስለ ክሩው የጻፈው ትክክል ነው። እኔ በጥገናው በኩል ልንገራችሁ፣ ፕሬዚዳንቱ ሲጓዝ ተጠባባቂ አውሮፕላን ይዘጋጃል። ሁለት የገዙት ለማማር አይደለም፣ አንዱ ጎማ ቢያስቸግር መሪ ሰው አገር ተቀምጦ ስፔር አይጠብቅም። ለማይነሳው አውሮፕላን የሚደረገው ጥገናም ለሚነሳው ከሚደረገው አያንስም።

የጅሬን ልጅ፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እርስዎ ጅማ ካሉማ ልጆቹ ካሉበት መጥተው ቢያጫውቱልኝ ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር፣ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ። የሄርማታዋ የኔ እህት አንቺም፣ የጅማ በረራ ያልሽውን መክፈቻ አደርገዋለሁ።

የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። ያ ሚሳኤልና ካፕሱል ሚሉት እውነት አለው ወይ? ደግሞ ከልጆቹ የአንዷ ወንድም ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው የሚኖረው፣ እነዚህን አውሮፕላኖች ሄዶ ቪዲዮ ሊቀርጽልን የሚችልበት ቦታ ካለ ብላለች።

ሰማያዊ ጭራ፦

ካፕሱሉ የፊልም ነው፣ ቪሲ-25 ላይ እንደዛ ያለ ነገር የለም። የጦር አውሮፕላንም አይደለም፣ ያለው መከላከያ ነው፣ የሚመጣበትን ሚሳኤል ለማሳት ሚረዳ መሳሪያ። ይልቅ ሚገርመው ሌላ ነው፣ አየር ላይ እያለ ከሌላ አውሮፕላን ነዳጅ መቀበል ይችላል፣ ሐኪምና ህክምና መስጫ ክፍል አለው፣ ኩሽናዎቹ አንዴ ለ100 ሰው ምግብ ያወጣሉ፣ ከየትም ሆኖ ከዋሽንግተን ጋር ይገናኛል። መስከረም 11 2001 ቡሽ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ሉዊዚያና፣ ከዛ ነብራስካ፣ ከዛ ማታ ዋሽንግተን የገባው በዚሁ ነው፣ የአሜሪካ ሰማይ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ።

ለልጅቷ ደግሞ ትልቅ ዜና አለኝ። ወንድሟ ኮሎምበስ ከሆነ ዴይተን እዛው ኦሃዮ ውስጥ ነው፣ በመኪና ቅርብ ነው። እዛ የአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም አለ፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሊፍቷ ያለችው የሩዝቬልት ሲ-54፣ የትሩማን ዲሲ-6፣ የአይዘንሃወር ኮንስተሌሽን እና የኬኔዲ 26000 አራቱም አንድ ሃንጋር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ውስጣቸው ይገባል፣ መተላለፊያው ግን ጠባብ ስለሆነ ቦርሳ አይያዝ በሉት። 26000 ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድ ወንበሮቹ የተነሱበትን ቦታ ይቅረጽላችሁ፣ የሩዝቬልቷን ደግሞ ከውጪ ሊፍቱ ሚወርድበትን ከጭራዋ ስር።